ሞላው ሲንጠባጠብ፦ ስለ ሰርፍ ጊታር፣ ስለ ስፕሪንግ ሪቨርብና ስለ ዲጂታል ፔዳል

እንደምን አመሻችሁ። ወሬ ከመጀመሬ በፊት ይህን ስፕሪንግ ሪቨርብ፣ ማለትም በሞላ የሚያስተጋባ የጊታር ሳጥን፣ በጉልበቴ ልንካው።

(ነካሁት። አምፑ፣ የጊታሩ ድምፅ ማጉያ፣ አጓራ። ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ከወንበራቸው ብድግ አሉ። የቆርቆሮ ጭነት ገደል ሲገባ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው።)

ይቅርታ። አሁን ደግሞ ይህችን በስሌት የምታስተጋባ ዲጂታል የእግር ፔዳል ልንካት። ይኸው፣ ምንም የለም። ብነቀንቃት ዝም፣ ብረግጣት ዝም። የዛሬው ጨዋታችን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። አንዱ ሲነኩት ይጮሃል፤ አንዷ ወይ ፍንክች።

ጥያቄው ሁልጊዜ የሚመጣው "ለሰርፍ፣ ለማዕበል ጋላቢዎቹ የጊታር ሙዚቃ፣ የትኛው ይሻላል?" ተብሎ ነው። "እውነተኛው ሞላው ነው፣ ዲጂታሉ ማስመሰያ ነው" የሚል ወገን አለ። "ጆሮህ አይለየውም፣ ፔዳሏን ይዘህ ወገብህን አሳርፍ" የሚልም አለ። ሁለቱም አንድ ነገር ዘለዋል ብዬ አምናለሁ። ሞላው የተሰጠውን ሥራ በደንብ አልሠራም። አዳራሽ ምሰል ተባለ፤ አልመሰለም። የሰርፍ ጊታር ድምፅ የወጣው ከዚያ ካለመምሰሉ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ሰርፍ የደቡብ ካሊፎርኒያ ልጅ ነው፤ ጊዜው በፈረንጆቹ የ1960ዎቹ መባቻ። በ1961 ጊታር ተጫዋቹ ዲክ ዴል ባልቦአ በሚገኘው ሬንዴቩ አዳራሽ ይጫወታል። ቀን ማዕበል ሲጋልብ የዋለ ወጣት ማታ እዚያ ይከተታል። ዴል ግራኝ ነው። የክሮቹን ቅደም ተከተል ሳይቀይር ጊታሩን ገልብጦ ይይዛል። ክሮቹ ወፍራም ናቸው። ፒኩን፣ የክር መምቻውን፣ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ያስሮጠዋል። ምቱን ከከበሮ እንደወሰደው ራሱ ይናገር ነበር፤ ስትሰሙትም ከበሮ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ዴል በ1961 ያወጣውና ብዙዎች የመጀመሪያው የሰርፍ ሙዚቃ የሚሉት "ሌትስ ጎ ትሪፒን" ሪቨርብ የለበትም። ደረቅ ነው፤ እንደ ብስኩት። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ቅጂው የተበላሸ መስሎኝ ሌላ ፈልጌ ነበር። ያም ደረቅ ሆኖ አገኘሁት! የጊታርና የአምፕ ሠሪው ድርጅት ፌንደር ለብቻው የቆመውን የሪቨርብ ሳጥን ያወጣው በዚያው በ1961 ነው። ዴል በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው ሪቨርቡን የፈለገው ለጊታሩ አልነበረም፤ ለዘፈን ድምፁ ነበር። ድምፁ ረዘም ሲል የማይንቀጠቀጥ፣ ደረቅ ያለ ስለመሰለው ነው። ጊታሩን የሰካበት በኋላ ነው። በ1963 ቻንቴይስ የተባለው ባንድ "ፓይፕላይን"ን ይዞ በአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ 4ኛ ደረጃ ሲደርስ ግን ሰርፍና ሪቨርብ ተጋብተው አልቀዋል።

ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊት ማስተጋባት የፈለገ ሰው ቦታ ነበር የሚፈልገው። ለጊታር ተጫዋቹ ለዱዌን ኤዲ ቀረጻዎች ፊኒክስ ውስጥ ባዶ የውሃ ታንከር ገዝተው፣ በአንዱ ጎን ድምፅ ማጉያ፣ በሌላው ማይክ አስገብተዋል። ቆንጆ ድምፅ ነው። ምን ያደርጋል፣ ታንከር ተሸክሞ ወደ ዳንስ አዳራሽ መሄድ አይቻልም።

የሞላው ሐሳብ ከጊታር ዓለም የመጣ አይደለም። ቤል ላብስ የሚባለው የስልክ ምርምር ተቋም ረጅም የስልክ መስመር ላይ ድምፅ የሚዘገየውን ያህል ለማዘግየት በሞላ ይጠቀም ነበር። የኦርጋኑ ሰው ሎረንስ ሐመንድ ይህን ወሰደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሥር ኦርጋን የለመደ ጆሮ ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት ሳሎን ውስጥ ያንኑ ኦርጋን ሲሰማ ያዝናል። ሐመንድ ለሳሎኑ ጉልላት ሊሸጥለት ፈለገ። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ትልልቅ ነበሩ፤ ሞላዎቹም ዘይት ውስጥ ይነከሩ ነበር። እያነሰ እያነሰ መጥቶ በ1960 አካባቢ ጊታር አምፕ ውስጥ የሚገባ ሆነ። ፌንደርም ከሐመንድ ነው የወሰደው።

እንግዲህ ሳጥኑን ልክፈተው። ቀረብ በሉ፣ አይነክስም።

ይህች ከላይ የተከፈተች የቆርቆሮ ትሪ "ታንክ" ትባላለች። ርዝመቷ 42 ሴንቲሜትር ያህል ነው። በውስጧ ሌላ ትሪ በአራት ትንንሽ ሞላዎች ተንጠልጥላለች። እነዚያ አራቱ ለድምፅ ሳይሆን ንዝረት ከውጭ እንዳይገባ ነው። (ጉልበቴን አላቆሙትም፤ አይታችኋል።) በመሐል ከዳር እስከ ዳር የተዘረጉት ቀጫጭን ሞላዎች ናቸው ዋናዎቹ። በዚህ ጫፍ የሽቦ ጥቅል አለ። የጊታሩ ሲግናል እዚህ ይገባና የሩዝ ፍሬ የምታህል ማግኔት ያወዛውዛል። ማግኔቷ ሞላውን አትስበውም፤ ትጠመዝዘዋለች። ጥምዘዛው በሞላው ላይ ይጓዛል። ወዲያኛው ጫፍ ሲደርስ ሌላ ማግኔትና ሌላ ጥቅል ወደ ኤሌክትሪክ ይመልሱታል። ከፊሉ ግን እዚያ አያልቅም። ተላትሞ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል፣ እንደገና ይመለሳል። አንዱን ጉዞ ከ0.03 እስከ 0.04 ሰከንድ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ይጨርሳል። ሁለቱ ሞላዎች ሆን ተብሎ እኩል አልተደረጉም፤ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይቀድማል። እኩል ቢሆኑ እንደ ደጋጋሚ ማሽን "ታ፣ ታ፣ ታ" ይሉ ነበር።

ዋናው ጉድ አሁን ይመጣል። አዳራሽ ውስጥ ብታጨበጭቡ ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ ከግድግዳው እኩል ይመለሳል። አየሩ አያዳላም። ሞላው ያዳላል። ወፍራሙ ድምፅ ይቀድማል፣ ቀጭኑ ይንቀረፈፋል። ይህ መንቀርፈፍ እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ (በሰከንድ 4 ሺህ ንዝረት) አካባቢ እየባሰ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ሞላው ብዙም አያስተላልፍም። ስለዚህ አንድ አጭር "ጭብ" ሲገባ፣ "ጭብ" ሆኖ አይወጣም። ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ እየሾለ "ጥዪው" ይላል። ሁለተኛው ዙር ደግሞ የመጀመሪያውን "ጥዪው" ተቀብሎ የበለጠ ይጎትተዋል። ሦስተኛው ያንን ይቀበላል። ውሃ ላይ ጠጠር ሲወድቅ የምትሰሙት ያ ነው። ሰርፍ ተጫዋቾች "ድሪፕ" ይሉታል፤ ጠብታ ማለት ነው።

ይኸው ልሞክርላችሁ። መዳፌን ክሮቹ በሚያርፉበት የጊታሩ ድልድይ ላይ አሳርፌ፣ ክሮቹን አፍኜ፣ በፒኩ ብቻ ስመታ።

(ጥዪው። ጥዪው። ጥዪ-ጥዪ-ጥዪው።)

ኖታ የለበትም። ማስተጋባቱ ራሱ ኖታ ሆነ። አንድ ጥሩ የቀረጻ መሐንዲስ ይህን "ጉድለት" ብሎ ይጽፈዋል፤ እውነቱን ነው። ለዘማሪ ብትጠቀሙበት ዘማሪው ባልዲ ውስጥ የወደቀ ይመስላል። ለታፈነ ክር ግን ሌላ ምንም አይተካውም።

የፌንደሩ ሳጥን ላይ ሦስት ማዞሪያዎች አሉ። ድዌል፣ ሚክሰር፣ ቶን። ሚክሰር የማስተጋባቱን መጠን፣ ቶን ቅጥነቱን ወይም ውፍረቱን ይወስናል። ድዌል ግን ብዙ ሰው የማስተጋባቱ ርዝመት ይመስለዋል። አይደለም፤ ሞላው በምን ያህል ጉልበት እንደሚመታ ነው። ከሞላው በፊት 6ኬ6 የምትባል የኃይል ቲዩብ፣ ሲግናል የምታጎላ የመስታወት አምፖል፣ አለች። ለትንሽ ድምፅ ማጉያ የምትበቃ ናት፤ እዚህ ግን ጉልበቷን ሁሉ የምታወርደው በዚያች የሩዝ ፍሬ ላይ ነው። ድዌሉን ስትከፍቱትና ፒኩን ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱ፣ ቲዩቧም ማግኔቷም ለአንድ አፍታ ይጨናነቃሉ። ጠብታው የሚፈነዳው ያኔ ነው። ቀስ ብላችሁ ስትመቱ ሳጥኑ ጨዋ ነው። እጃችሁን ስታከብዱ አውሬ ይሆናል። ድምፁ ብቻ አይደለም የሚጨምረው፤ ጠባዩ ይቀየራል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ይህ ሳጥን የሚገባው በጊታሩና በአምፑ መካከል ነው። በ1963 ፌንደር ቫይብሮቨርብ በተባለው አምፕ ሪቨርቡን ከነሞላው ወደ ውስጥ አስገባው። ምቹ ነው፣ አንድ ዕቃ ብቻ ትሸከማላችሁ። ግን ድዌሉም ቶኑም ቀሩ፤ አንድ ማዞሪያ ብቻ። 6ኬ6ም የለችም፤ ሞላውን የምትነዳው ትንሽ ቲዩብ ናት። ሞላው የሚገባውም ከአምፑ የመጀመሪያ ደረጃ በኋላ ሆነ። በሳጥኑ ጊዜ አምፑ ጊታሩንና ማስተጋባቱን አንድ ላይ አኝኮ ነው የሚያወጣው። "ጥሩ አምፕ አለኝ፣ ሪቨርቡን 10 ላይ አድርጌዋለሁ፣ ግን ሰርፍ አይሆንልኝም" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ወዳጄ፣ 10 ላይ ያደረግከው ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ሞላ ናቸው፣ ሁለቱም ፌንደር ናቸው፣ ድምፃቸው ግን የእንጀራ ልጅና የእናት ልጅ ነው።

ወደ ዲጂታሉ ልሻገር። እዚህ የምወዳት አጋጣሚ አለች።

ፌንደር ሳጥኑን ባወጣበት በዚያው በ1961 ማንፍሬድ ሽሮደር የተባለ የፊዚክስ ሰው ማስተጋባትን በስሌት ስለመሥራት ጥናት አሳተመ። የሚሠራው የት መሰላችሁ? ቤል ላብስ። የስልክ ሞላው የመጣበት ቤት! የእሱ ሕልም "ቀለም አልባ" ማስተጋባት ነበር፤ ለየትኛውም ድምፅ የማያዳላ፣ የማይንጫጫ፣ የራሱ ጠባይ የሌለው። የዚያን ጊዜዎቹ ሰው ሠራሽ ማስተጋቢያዎች የራሳቸውን ቀለም ይቀቡ ስለነበር ያንን ሊፈውስ ፈለገ። ዛሬ በእግራችን የምንረግጣቸው ፔዳሎች ውስጥ ያሉት ስሌቶች አብዛኞቹ የዚያ ሐሳብ የልጅ ልጆች ናቸው። ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ዲጂታል ሪቨርብ፣ ኢኤምቲ 250፣ በ1976 ወጣ። ትላልቅ ማንሻዎች ያሉት፣ የክፍል ማሞቂያ የሚመስል ዕቃ ነው።

ታዲያ አያችሁ? በአንድ ዓመት፣ አንደኛው ወገን ቀለሙን ለጊታር ተጫዋች ሲሸጥ፣ ሌላኛው ወገን ቀለሙን የሚያጠፋበትን መንገድ ይፈልግ ነበር። ዲጂታል ሪቨርብ ለሰርፍ የሚያስቸግረው ደካማ ስለሆነ አይደለም። በጣም ጤነኛ ስለሆነ ነው። ሰርፍ እንዲጫወት ከፈለጋችሁ በሽታውን አጥንታችሁ መልሳችሁ ልትሰጡት ነው።

በሽታውን ያጠኑ ሰዎች አሉ፤ ሥራቸውም የዋዛ አይደለም። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተመራማሪዎች ያንን "ጥዪው" በስሌት ሠርተውታል። ድምፁን ሳይቀንስ ጊዜውን ብቻ የሚያዛባ ትንሽ ማጣሪያ አለ። አንዱ ብቻውን ምንም አያመጣም። መቶ ያህሉን በሰልፍ ስታቆሙት ግን ቀጭኑ ድምፅ ልክ እንደ ሞላው ይንቀረፈፋል። እንዲህ የተሠራ ፔዳል ጠብታ አለው። ሌላው መንገድ የእውነተኛውን ታንክ ድምፅ ቀርጾ እንደ ማኅተም በጊታሩ ላይ ማሳረፍ ነው። ይህ ፎቶ ነው። ቆንጆ ፎቶ። ግን ፎቶ የተነሣው ሞላው በአንድ ጉልበት ሲመታ ነው። እጃችሁን ብታከብዱ ያው ፎቶ ጎልቶ ይሰማል እንጂ አይለወጥም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይኸው ነው፤ ጨዋው ሳጥን አውሬ የሚሆንበት ቅጽበት ፎቶው ውስጥ የለም።

ከዚያ ደግሞ ስሙ ብቻ "ስፕሪንግ" የሆነ አለ። ውስጡን ስትሰሙት ትንሽ ክፍል ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ አጉልተው ስም ሰጥተውታል። እኔ የመጀመሪያ ፔዳሌን የገዛሁት ክዳኗ ላይ ያለውን ማዕበል አይቼ ነው። ስሟን አልናገርም። ክሩን አፍኜ መታሁት፤ የወጣው ድምፅ ባዶ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ የሚያስነጥስ ሰው ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱ የእጄ ነው ብዬ ተለማመድኩ።

በሌላ በኩል ለሰርፍ ታስበው የተሠሩ አሉ። ቦስ ኤፍአርቪ-1 የፌንደሩን ሳጥን ለመምሰል የተሠራ ነው። ካታሊንብሬድ ቶፓንጋም ዓላማው ያው ነው። ሶርስ ኦዲዮ ትሩ ስፕሪንግም አለ። ስትራይሞን ፍሊንት ውስጥ ያለው የ60ዎቹ ሞላ ደስ ይላል፤ ለእኔ ጆሮ ግን ሰርፍ ከመሆን ይልቅ ወደ አምፑ ሪቨርብ ያደላል። እውነተኛ ሞላ ይዘው ቲዩቡን የተዉም አሉ። ሰርፊቤር የሚባለው ረጅሙን ታንክ በትራንዚስተር ይነዳዋል፤ እኔ ከሰማኋቸው ቲዩብ አልባ ሳጥኖች የምመርጠው እሱን ነው። ዳኔሌክትሮ ስፕሪንግ ኪንግ ደግሞ ሞላዎቹን ፔዳል ውስጥ ከትቷል። ሞላው አጭር ነው፣ ድምፁም አጭርና ችኩል ነው። ግን ስትረግጡት ይጮሃል፤ ለእሱ ስል እወደዋለሁ።

ፔዳል ስትሞክሩ ኮርድ፣ ማለትም ብዙ ክር በአንድነት፣ አትምቱ። ኮርድ ላይ ሁሉም ፔዳል ጥሩ ነው። ወፍራሙን ክር አፍናችሁ፣ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ በኃይል ምቱት። ሁለቱ ምቶች ያው ድምፅ በሁለት መጠን ከሆኑ ያ ፔዳል ሰርፍ አይደለም። የኃይለኛው ጠባይ ከተቀየረ ኪሳችሁን ዳስሱ። ከዚያ በወፍራሙ ክር ላይ ፒኩን እንደ ዴል አስሩጡት። ጥሩ ሞላ እያንዳንዱን ምት ለይቶ ይረጫል። መጥፎው ሁሉንም ጭጋግ ያደርገዋል።

ያላችሁ ፔዳል መካከለኛ ከሆነ ደግሞ አትጣሉት። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ አሰካኩ ነው። ሰው ሪቨርብን የፔዳሎቹ ሁሉ መጨረሻ አድርጎ አምፑ ኋላ ባለው መግቢያ ይሰካዋል፤ ለሌላ ሙዚቃ ትክክል ነው። ለሰርፍ ከአምፑ ፊት አምጡት። ከፔዳሉ በፊት ደግሞ ድምፅ ከፍ የሚያደርግ፣ ሲሞላ ለስለስ ብሎ የሚጨናነቅ ሌላ ፔዳል አስገቡ። ድዌል ማለት ያው እሱ አይደል? ብቻ ዲጂታሉን ራሱን እስኪሞላ አትግፉት። ቲዩብ ሲሞላ ያጉረመርማል፤ ዲጂታል ሲሞላ ይቀደዳል። ማስተጋባቱ ውስጥ ያለውን ወፍራም ድምፅም ቀንሱ፤ ሞላ ወፍራም ድምፅ ላይ ስስታም ነው። ይህን ብቻ አድርገው ፔዳላቸውን ከመሸጥ የተመለሱ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ።

ሞላውን ስላሞገስኩት ገበናውንም ላውጣ። ከባድ ነው። ተሰባሪ ነው። ከአምፑ ትራንስፎርመር አጠገብ ካስቀመጣችሁት "ዝዝዝ" ይላል፤ ትንሽ ዞር ስታደርጉት ይተዋል፤ ሌላ ሰው ዕቃ ሲያስጠጋ ይመለሳል። አንድ ምሽት መድረኩ ከሥር ባዶ የሆነ ጣውላ ነበር። ከበሮ መቺያችን በእግሩ በመታ ቁጥር ሳጥኔ ነጎድጓድ መለሰለት። ታዳሚው ሆን ብለን ያደረግነው መስሎት ጨፈረ። እኔ ግን እያንዳንዷን ምት እንደ ጥርስ ሕመም ነበር የምጠብቃት። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑን ወፍራም ስፖንጅ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጣውላ መድረክ ላይ ደግሞ ጨርሶ አልወስደውም። ፔዳሏን ይዤ እሄዳለሁ። ቀረጻ ሲሆን ሳጥኑን፣ መንገድ ሲሆን ፔዳሏን። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ቅር ይለዋል፤ እምነት የካድኩ ይመስለዋል።

እሺ፣ አንድ ፈተና ቀርቷል። ከበሮ መቺያችን መጋረጃው ጀርባ ሆኖ ገመዱን ይቀያይርልኛል። እኔ እጫወታለሁ። እናንተ ሞላ ነው ስትሉ እጅ አውጡ።

(የመጀመሪያው ዙር ኮርድና ዝግ ያለ ዜማ ነበር። አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ተሳሳተ፣ ከተሳሳቱት አንዱ ቅድም "ጆሮዬ አይታለልም" ያለኝ ሰውዬ ነው። ሁለተኛው ዙር የታፈነው ክር ነበር። በቀስታ ስመታ አሁንም አመነቱ። በኃይል ስመታ ግን እጆቹ ከሞላ ጎደል በአንድነት ተነሡ፣ ልክም ነበሩ። ሦስተኛውን ዙር ለመጀመር ፒኩን ሳነሣ ከመጋረጃው ጀርባ የቆርቆሮ ጭነት ገደል ገባ። ከበሮ መቺያችን ገመድ ሲቀይር ሳጥኑን ረግጦት ነው። አዳራሹ ውስጥ እጁን ያላወጣ ሰው አልነበረም።)